የጊታር ፔዳል በገዛ እጅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በቤት ውስጥ ስለሚሠሩ የጊታር ኢፌክት ፔዳሎች (በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጡ ሳጥኖች) የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም በአንድ ላይ አቅርበናል። አብዛኞቹ «ገጣጥሜ ጨረስኩ፣ ግን አይሠራም» የሚሉ ናቸው። ከደብዳቤዎቹ እንደተረዳነው ብዙ ሰው ፔዳሉ እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው ዕቃ መቀየር ነው። እኛ ደግሞ መጀመሪያ ይለካ እንላለን። መልሶቻችን በሙሉ በ9 ቮልት ለሚሠሩ ፔዳሎች ብቻ ናቸው። በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ አምፕሊፋየር፣ በተለይ የቱቦ አምፕ፣ ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ቮልቴጅ ውስጡ ሊቆይ ስለሚችል ለመማሪያ አይከፈትም።

ጥያቄ፦ ጊታር እጫወታለሁ፤ ኤሌክትሮኒክስ ግን ተምሬ አላውቅም። ዲሌይ ፔዳል ልሠራ አስቤ ነበር። ከየት ልጀምር?

ዲሌዩን አይተዉት፤ ግን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሥራዎ ይሁን። ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ እንደ ማሚቶ የሚደግመው ፔዳል) አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አይሲ (በአንድ ቁራጭ የታሸገ ሰርኪዩት) እና በርካታ ካፓሲተር ይፈልጋል፤ አንዱ ከተሳሳተ ጥፋቱን ለመፈለግ የለመደ እጅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በአንድ ትራንዚስተር የሚሠራ ቡስተር፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ ፔዳል፣ ይሥሩ። ይህ ሰርኪዩት ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ካወጣው ኤልፒቢ-1 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዛሬም ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ለቦርዱ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 430 ኪሎ ኦም፣ 43 ኪሎ ኦም፣ 10 ኪሎ ኦም፣ 390 ኦምና 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር፣ ሁሉም ሩብ ዋት፤ 0.1 ማይክሮ ፋራድ የሆኑ ሁለት ካፓሲተሮች፤ አንድ 2ኤን3904 ወይም 2ኤን5088 ትራንዚስተር፤ አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም ፖት (እየዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር)። ከቦርዱ ውጭ ሁለት ጃክ (የመግቢያው ስቴሪዮ ይሁን)፣ ባለ 9 እግር የእግር ስዊች፣ ኤልኢዲ (ትንሽ አመልካች መብራት) እና ለእሱ የሚሆን 4.7 ኪሎ ኦም፣ የባትሪ ማያያዣ፣ የአልሙኒየም ሳጥን።

አያያዙ እንዲህ ነው። የትራንዚስተሩ ሦስት እግሮች ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር ይባላሉ። ከጊታሩ የመጣው ሲግናል በመጀመሪያው ካፓሲተር አልፎ ቤዙ ላይ ይደርሳል። 430 ኪሎ ኦሙ ከ9 ቮልት ወደ ቤዝ፣ 43 ኪሎ ኦሙ ከቤዝ ወደ ግራውንድ (የሰርኪዩቱ የጋራ ዜሮ ቮልት መስመር) ይያያዛል። ኮሌክተሩ በ10 ኪሎ ኦም ከ9 ቮልት ጋር፣ ኤሚተሩ በ390 ኦም ከግራውንድ ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው ካፓሲተር ከኮሌክተሩ ተነስቶ የፖቱ ዳር እግር ላይ ያርፋል፤ ሌላው ዳር እግር ግራውንድ፣ መካከለኛው እግር ደግሞ መውጫ ነው። ፖቱ ሲያዞሩት ወደ ተቃራኒው ከሠራ ሁለቱን ዳር እግሮች ያቀያይሩ። 1 ሜጋ ኦሙ ከመግቢያው ካፓሲተር በፊት ወደ ግራውንድ ይገባል፤ ምክንያቱን በሌላ ጥያቄ ሥር ያገኙታል።

ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። የ10 ኪሎ ኦሙና የ390 ኦሙ ጥምርታ ሲግናሉ ስንት እጥፍ እንደሚያድግ ይወስናል፤ በሒሳቡ 25 እጥፍ ገደማ ነው፣ በተግባር ወደ 20 ይጠጋል። ቤዝ ላይ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ኮሌክተሩን በ0 እና በ9 ቮልት መካከል ላይ ያስቀምጡታል፤ የጊታሩ ሲግናል ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዛወዝበት ቦታ እንዲያገኝ ነው።

ሳይበይዱ በፊት ሁሉንም ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት መሞከሪያ ሰሌዳ) ላይ ሰክተው ድምፁን ይስሙ። ለብየዳው ከ25 እስከ 40 ዋት የሆነ ካውያ ይበቃል፤ ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያድርጉት። ሊዱ (ቀልጦ የሚያጣብቀው ሽቦ) ሮዚን በውስጡ ያለው፣ ውፍረቱ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ይሁን። ለውኃ ቧንቧ የሚሸጠው የአሲድ ፍላክስ ቀስ በቀስ እግሩንና መዳቡን ስለሚበላ አጠገቡ አይድረሱ። የካውያው ጫፍ የዕቃውን እግርና የቦርዱን መዳብ በአንድ ጊዜ ይንካ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሴኮንድ ካሞቁ በኋላ ሊዱን ለካውያው ሳይሆን ለእግሩ ያስነኩት። ጥሩ ብየዳ የሚያብረቀርቅና ወደ እግሩ ተንሸራቶ የወጣ ነው። ድብልብል ብሎ መዳቡ ላይ የተቀመጠ ከሆነ አልያዘም፤ እንደገና ያሙቁት።

ጥያቄ፦ ንድፉ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ይላል፤ የገዛሁት ካፓሲተር ላይ ግን የተጻፈው 104 ነው። ተሳስቻለሁ?

አልተሳሳቱም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ቁጥሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚጨመሩት ዜሮዎች ብዛት ሲሆን መለኪያው ፒኮ ፋራድ ነው። ስለዚህ 104 ማለት 100,000 ፒኮ፣ ማለትም 100 ናኖ ወይም 0.1 ማይክሮ ፋራድ ነው። 103 አሥር ናኖ፣ 473 አርባ ሰባት ናኖ፣ 102 አንድ ናኖ ነው።

ጥያቄ፦ ቡስተሩን በስትሪፕቦርድ ሠርቼ ጨረስኩ። ፔዳሉ ሲጠፋ የጊታሩ ድምፅ በደንብ ያልፋል። ስረግጠው ኤልኢዲው ይበራል፣ ድምፁ ግን ጭራሽ ይጠፋል። ትራንዚስተሩን ቀይሬ አይቻለሁ፤ ለውጥ የለም።

የነገሩን ነገር ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። ፔዳሉ ሲጠፋ ድምፁ ማለፉ ጃኮቹም ገመዶቹም ደህና መሆናቸውን ያሳያል። ኤልኢዲው መብራቱ ባትሪው እንዳለ ይናገራል፤ ነገር ግን ኤልኢዲው የራሱ ሽቦ ስላለው ቦርዱ ኤሌክትሪክ ለማግኘቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ትራንዚስተሩን ለጊዜው ይተዉት። አዲስ ትራንዚስተር ከፋብሪካው ተበላሽቶ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው።

መጀመሪያ በዓይን ይመርመሩ። ስትሪፕቦርድ (ጎን ለጎን የተዘረጉ የመዳብ መስመሮች ያሉት ቦርድ) ላይ መስመር ሲቆረጥ በጣም ቀጭን የመዳብ ፍቅፋቂ ጠርዙ ላይ ይቀራል፤ ያ ፍቅፋቂ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት መስመሮች ያገናኛል፣ ከላይ ሲያዩት ግን አይታይም። ቦርዱን በኃይለኛ መብራት ፊት አዘንብለው ይያዙና በመስመሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ሁሉ የቢላ ጫፍ ያስኪዱበት። የተቆረጠው ቦታም ሙሉ በሙሉ መቆረጡን በመልቲሜትር ድምፅ (ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ በሚጮኸው) ያረጋግጡ። ከዚያ የሬዚስተሮቹን ቀለም ይዩ። በዚህ ሰርኪዩት ዋናው ወጥመድ 43 ኪሎ (ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ) እና 430 ኪሎ (ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ) ናቸው፤ በደካማ ብርሃን በቀላሉ ይቀያየራሉ። ሬዚስተርን ከመበየድዎ በፊት በመልቲሜትር መለካት ይልመዱ፤ ቦርዱ ላይ ካረፈ በኋላ ሌሎቹ ዕቃዎች ንባቡን ያዛቡታል።

አሁን ቮልቴጅ። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፣ ጥቁሩን ጫፍ ግራውንድ ላይ ያስይዙ፣ ጊታር ሳይመቱ በቀዩ ይለኩና በወረቀት ይጻፉ። ቤዝ ከ0.7 እስከ 0.8፣ ኤሚተር 0.2 አካባቢ፣ ኮሌክተር ከ4 እስከ 6 ቮልት ቢሆን ትራንዚስተሩ በትክክል ቆሟል፤ ጥፋቱ ከካፓሲተሮቹ ወዲህ ወይም ወዲያ ነው። ኮሌክተሩ ሙሉ 9 ቮልት ካሳየ ትራንዚስተሩ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ አይደለም፦ ወይ ቤዙ ቮልቴጅ አላገኘም፣ ወይ ኤሚተሩ ከግራውንድ አልተያያዘም። ኮሌክተሩ ከ1 ቮልት በታች ከሆነ 43 እና 430 ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። ኮሌክተሩ ጭራሽ ዜሮ ከሆነ ደግሞ 10 ኪሎ ኦሙ 9 ቮልት አልደረሰውም፣ ወይም ኮሌክተሩ ከግራውንድ ጋር ሾርት አድርጓል።

በ2ኤን3904 ፋንታ ቢሲ547 ገዝተው ከሆነ አንድ ነገር ይዩ። ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ እርስዎ ሲሆን እግሮቹ ወደ ታች፣ 2ኤን3904 ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ቢሲ547 ደግሞ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። ስለዚህ ፊቱን አዙረው ይትከሉት።

ቮልቴጁ ትክክል ሆኖ ድምፅ ከሌለ የሲግናል መፈለጊያ ይሥሩ። ይህን መሣሪያ ሁሉም ፔዳል ሠሪ ሊኖረው ይገባል። ያረጀ የጊታር ገመድ ወስደው አንዱን ጫፍ ይቁረጡ። የውጭውን መረብ ከቆንጣጭ ክሊፕ ጋር፣ የውስጡን ሽቦ ደግሞ ከ0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አንድ እግር ጋር ይበይዱ፤ የካፓሲተሩ ሌላ እግር መንኪያ ጫፍ ይሆናል። ካፓሲተሩ የቦርዱን ዲሲ ቮልቴጅ አግዶ ድምፁን ብቻ ወደ አምፑ ያሳልፋል። ያልተቆረጠውን ጫፍ አምፕ ላይ ይሰኩ፣ የአምፑን ድምፅ ዝቅ ያድርጉ፣ ክሊፑን ከፔዳሉ ግራውንድ ጋር ያያይዙ። ወደ ፔዳሉ መግቢያ ከስልክ ሙዚቃ በዝቅተኛ ድምፅ ቢልኩ ሁለት እጅዎ ነፃ ይሆናል።

ከዚያ መንገዱን ይከተሉ፦ የመግቢያ ጃክ፣ የስዊቹ እግር፣ የቦርዱ መግቢያ፣ ከመጀመሪያው ካፓሲተር በኋላ፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ከሁለተኛው ካፓሲተር በኋላ፣ የፖቱ መካከለኛ እግር፣ መውጫ። ኮሌክተሩ ላይ ሙዚቃው ከቤዙ በጣም ጎልቶ መሰማት አለበት። ጥፋቱ ድምፅ በመጨረሻ በተሰማበትና በመጀመሪያ በጠፋበት ነጥብ መካከል ነው።

ፔዳሉ ከሳጥኑ ውጭ ሠርቶ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ የሚሞት ከሆነ የመውጫ ጃኩን ይመልከቱ። ለውዙ ሲጠብቅ ጃኩ አብሮ ይዞርና የጫፉ ምላስ የሳጥኑን ግድግዳ ይነካል፤ ሲግናሉ በሙሉ ወደ ግራውንድ ይወርዳል። ገመድ ሲሰካ ምላሱ ወደ ኋላ እንደሚገፋም አይርሱ፤ ሳይሰካ የማይነካው ሲሰካ ሊነካ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለ 9 እግሩን ስዊች እንዴት ላያይዘው? አንድ ጊዜ ሞክሬ ኤልኢዲው ፔዳሉ ሲጠፋ ነው የሚበራው። ስረግጠውም አምፑ ውስጥ ኃይለኛ ጧ የሚል ድምፅ አለ።

እግሮቹን በሦስት ረድፍ ይቁጠሯቸው፦ 1፣ 2፣ 3 ከላይ፤ 4፣ 5፣ 6 መሐል፤ 7፣ 8፣ 9 ከታች። መሐለኞቹ በአንዱ ርግጫ ከላዮቹ፣ በሌላው ከታቾቹ ጋር ይገናኛሉ። ስዊቹ በ90 ዲግሪ ዞሮ ከተያዘ ይህ አይሠራም፤ ስለዚህ ከመበየድዎ በፊት 4 ከ1 እና ከ7 ጋር እየተፈራረቀ መገናኘቱን በመልቲሜትር ያረጋግጡ።

የመግቢያ ጃኩን ጫፍ ወደ 4፣ የመውጫ ጃኩን ጫፍ ወደ 6 ይውሰዱ። 1 እና 3ን በአጭር ሽቦ ያገናኙ። 7 ወደ ቦርዱ መግቢያ፣ 9 ወደ ቦርዱ መውጫ። 5 ግራውንድ፣ 8 የኤልኢዲው ነጌቲቭ እግር (አጭሩ)። 2 ባዶ ይቀራል። የእርስዎ ኤልኢዲ ሽቦ 2 ላይ ነው ያለው፤ ወደ 8 ያዛውሩት። እያንዳንዱን እግር ከሦስት ሴኮንድ በላይ አያሙቁ፤ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይለሰልስና ስዊቹ አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴ የማይሠራ ይሆናል።

ጧ የሚለው ድምፅ የካፓሲተሩ ነው። ማንኛውም ካፓሲተር ጥቂት ዲሲ ያሾልካል። ፔዳሉ ሲጠፋ የካፓሲተሩ ውጭኛ እግር ከምንም ጋር ሳይገናኝ ስለሚቀር ቮልቴጅ ይጠራቀምበታል፤ ሲረግጡት በአንድ ጊዜ ወደ አምፑ ይፈስሳል። በመግቢያው ላይ ያለው 1 ሜጋ ኦም ያንን ክምችት ያለማቋረጥ ወደ ግራውንድ ያወርደዋል፤ በመውጫው በኩል ደግሞ ፖቱ ራሱ ይህን ሥራ ይሠራል። ሬዚስተሩን ረስተውት ከሆነ ይጨምሩት።

ጥያቄ፦ ፔዳሌ በባትሪ ዝም ይላል፤ በአዳፕተር ግን ይጮኻል። አንዳንዴ እንደ ትንኝ ያለ ቀጭን ጩኸት ይሰማል።

በባትሪ ዝም ካለ ጥፋቱ ከኃይል ምንጩ ነው። ወፍራሙ እምምታ ካልተጣራ አዳፕተር ይመጣል። ቀጭኑ ጩኸት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከስዊቺንግ አዳፕተር፣ ወይም በአንድ አዳፕተር ከተያያዘ ዲጂታል ፔዳል ነው፤ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ጥፋተኛውን ይለዩ።

በቦርዱ ላይ 100 ኦም ሬዚስተር በ9 ቮልቱ መስመር ላይ በተከታታይ፣ ከእሱ በኋላ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ይጨምሩ። ይህ ከ16 ኸርዝ በላይ ያለውን ሁካታ መቀነስ ይጀምራል። ካፓሲተሩ 25 ቮልት የሚችል ይሁን። «9 ቮልት» የተጻፈባቸው የቆዩ አዳፕተሮች ሸክም ሳይኖርባቸው ሲለኩ ከ12 ቮልት በላይ ሊያሳዩ ይችላሉ።

በባትሪም ቢሆን እምምታው ካለ ሳጥኑ ከግራውንድ ጋር መገናኘቱን፣ ክዳኑም ጭምር፣ ይለኩ። ቀለም የተቀባ ሳጥን ጃኩ በሚያርፍበት ቦታ ውስጡ መፋቅ አለበት። ድምፁን ሲጨምሩ ፉጨት የሚመጣ ከሆነ ግን የመግቢያና የመውጫ ሽቦዎች ተጠጋግተው ነው፤ ያራርቋቸው፣ ያሳጥሯቸው።

ጥያቄ፦ አዳፕተሩን ገልብጬ ሰካሁት። አበቃለት?

የጊታር ፔዳሎች አዳፕተር በአብዛኛው መሐሉ ነጌቲቭ ነው፤ ሌላው ዓለም ግን መሐሉን ፖዘቲቭ ያደርጋል፤ ስሕተቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ያበጠ ካፓሲተር ካለ ይቀይሩ፤ ከዚያ አይሲው ይፈተሽ፤ ሬዚስተሮች ብዙውን ጊዜ ይተርፋሉ። ለወደፊቱ 1ኤን5817 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በ9 ቮልቱ መስመር ላይ በተከታታይ፣ ሰረዙ ወደ ቦርዱ እንዲዞር አድርገው ይበይዱ። ቢገለበጥ ያግዳል፤ የሚወስደውም ከ0.3 ቮልት አይበልጥም።

ጥያቄ፦ የዲስቶርሽን ፔዳሌ ድምፅ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ለስለስ ያለና ሰፋ ያለ ድምፅ እፈልጋለሁ። ምን ልቀይር?

ዳዮዶቹን። ለመሞከር እጅግ የሚያስደስተው የፔዳል ክፍል ይህ ነው። 1ኤን4148 ሲግናሉን በ0.6 እና 0.7 ቮልት መካከል ይቆርጠዋል። እንደ 1ኤን34ኤ ያለ የጀርማኒየም ዳዮድ በ0.3 አካባቢ ስለሚጀምር ቶሎ ይቆርጣል፤ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ግን ይቀንሳል። ቀይ ኤልኢዲ እስከ 1.8 ቮልት አካባቢ ስለሚታገሥ ድምፁ ይጎላል፣ ይከፈታል፣ የምትዎ ክብደትም ይበልጥ ይሰማል። የእርስዎ ፍላጎት ከኤልኢዲው ጋር ይቀራረባል ብለን እናስባለን። በአንድ አቅጣጫ ሁለት፣ በሌላው አንድ ዳዮድ ቢያደርጉ ሲግናሉ ሳይመጣጠን ይቆረጣል፤ ብዙ ሰው ይህን ሞቅ ያለ ድምፅ ይለዋል።

የዳዮዶቹ ቦታም ለውጥ አለው። ከአይሲው መውጫ በኋላ ወደ ግራውንድ ከተያያዙ አቆራረጡ ሸካራ ነው፤ በአይሲው መውጫና በነጌቲቭ መግቢያው መካከል ከሆኑ ገር ይሆናል። አሸዋውን ለማጥፋት ዳዮዶቹ ወደ ግራውንድ የሚሄዱ ከሆነ አንድ አነስተኛ ካፓሲተር ጎን ለጎን ያድርጉባቸው። ከፊታቸው 10 ኪሎ ኦም ካለ 2.2 ናኖ ፋራድ ከ7 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን፣ 4.7 ናኖ ደግሞ ከ3.4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን መቀነስ ይጀምራል። ዳዮዶቹን ከመበየድ ይልቅ የአይሲ ሶኬት ቆርጠው ቢያስቀምጡ እየነቀሉ እየሰኩ ማወዳደር ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በቲኤል072 አይሲ የሠራሁት ኦቨርድራይቭ ፔዳል በኃይል ስመታው ይሠራል፤ ድምፁ እየደከመ ሲሄድ ግን ይንተፋተፍና በድንገት ይቋረጣል።

የአይሲው ግማሽ ቮልቴጅ ጠፍቷል። ባትሪው 9 ቮልት ሲሆን አይሲው 4.5 ቮልት መሐል ላይ መቆም አለበት፤ ይህን የሚሠሩት ሁለት እኩል ሬዚስተሮች፣ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ኦም፣ ናቸው። እግር 8 ላይ 9፣ እግር 4 ላይ 0፣ መውጫዎቹ 1 እና 7 ላይ 4.5 ገደማ መነበብ አለበት። መውጫው 1 ወይም 8 ቮልት አካባቢ ተጣብቆ ከቆመ ከሁለቱ ሬዚስተሮች አንዱ አልተበየደም ወይም ዋጋው ተሳስቷል።

እግር 3 ላይ 4.1 ቮልት ቢያነቡ አይደንግጡ። በዚያ ቦታ 1 ሜጋ ኦም ካለ፣ መልቲሜትሩ በራሱ 10 ሜጋ ኦም ስለሆነ ንባቡን ወደ ታች ይጎትተዋል። ማመን ያለብዎት የመውጫውን ንባብ ነው።

ጥያቄ፦ በጀርማኒየም ትራንዚስተር ፈዝ ሠራሁ። ጠዋት ግሩም ነው፤ ቀትር ላይ ድምፁ ይጨማደዳል።

ጀርማኒየም ሲሞቅ የሚያሾልከው ኤሌክትሪክ ስለሚጨምር ሰርኪዩቱ ከቆመበት ነጥብ ይነቃነቃል። በ1966 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የአርቢተር ፈዝ ፌስም ይህ ጠባይ አለው። በሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር በኩል ያለውን 8.2 ኪሎ ኦም አንስተው ባለ 20 ኪሎ ኦም ትሪም ፖት ያስገቡና ኮሌክተሩን 4.5 ቮልት ላይ ያቁሙት። ቀኑ ሲሞቅ እንደገና ማስተካከል ነው። ትራንዚስተሮቹን በሶኬት ይትከሏቸው፤ የካውያ ሙቀት ይጎዳቸዋል።

ትራንዚስተሮቹ ፒኤንፒ (ፖዘቲቭና ነጌቲቫቸው የተገለበጠ ዓይነት) ከሆኑ ግራውንዱ ፖዘቲቭ ስለሚሆን ይህን ፔዳል ከሌሎች ጋር በአንድ አዳፕተር አያያይዙት፤ አዳፕተሩን ሾርት ያደርገዋል። በራሱ ባትሪ ይሥራ። በተራም ከጊታሩ ቀጥሎ የመጀመሪያው ይሁን፤ የጊታሩን ቮልዩም ሲቀንሱ ድምፁ የሚጠራው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ፔዳሉን ባልጠቀምበትም ባትሪው ያልቃል።

የመግቢያ ጃኩ ስቴሪዮ መሆን አለበት። የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ወደ መካከለኛው ቀለበት እግር ይውሰዱ። የጊታር ገመድ ሲሰካ ቀለበቱን ከግራውንዱ ጋር ያገናኘዋል፣ ሲነቀል ይለያየዋል። ይህን አድርገው ከሆነና አሁንም ካለቀ ገመዱን ሰክተው እየተዉት ነው፤ ጨርሰው ሲሄዱ የመግቢያውን ገመድ ይንቀሉ። ኤልኢዲው ራሱ ከቡስተሩ በላይ ኤሌክትሪክ ይበላል፦ ሬዚስተሩ 1 ኪሎ ኦም ከሆነ ወደ 7 ሚሊ አምፔር፣ 4.7 ኪሎ ኦም ከሆነ 1.5 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ትራንዚስተሩ ግን ግማሽ ሚሊ አምፔር አካባቢ ይበቃዋል።